የትከሻ ብድር

ያ የብርድ ወቅት ክፉ ነበር። በመጀመሪያው ወር የእንጨት ፋብሪካው ከሳምንቱ ሥራ ሁለት ቀን ቀነሰ። በሁለተኛው የሕንፃው ማሞቂያ ተበላሽቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳይጠገን ቆየ። በሦስተኛው ዳቦ ጋጋሪው ደረቱን ይዞ ወደቀ። አምቡላንስ ወሰደው፤ መንገድ ላይ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ለሚስቱ ደብዳቤ መጣላት። ለአሥራ አንድ ደቂቃ ጉዞ የሟቹን የስምንት ወር ደመወዝ ጠየቋት።

ከዚያ ወዲህ፣ በሕንፃው የሚኖሩት ያገር ልጆች አምቡላንስ የሚለውን ቃል እንደ ሰይጣን ስም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያነሡት። አናጢው ግን ቃል አላባከነም። ከተጣለ አልጋ ሁለት ረጅም ጣውላ ነቀለ፤ ትከሻ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በመላጊያ አለዘበ፤ ሸራ ወጥሮ በሚስማር መታ። ቃሬዛውን ደረጃው ሥር አቆመው። እስከ ሆስፒታሉ በር አራት ሺህ እርምጃ መሆኑንም በእግሩ ቆጠረ። ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት ሰው ተሸከሙበት፤ ሦስቱም በእግራቸው ተመለሱ።

አራተኛው በሕንፃው የሚኖሩት ሽማግሌ ሆኑ።

እሑድ ጠዋት ነበር። ከተማው በጉም ተውጦ አሥር እርምጃ ከፊት አይታይም። አናጢውና ሾፌሩ ከፊት፣ ብየዳ ሠራተኞቹ መንትዮች ከኋላ ተሸክመዋል። ሾፌሩ ባገሩ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ እዚህ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። የአናጢው ሚስት የሽማግሌውን እጅ ይዛ ከጎን ትሄዳለች። ግማሽ ፊታቸው ወርዷል። አንድ ዓይናቸው ብቻ ሰማዩን ያያል።

"ጋሼ፣ አለሁ በሉኝ" አለች። እጇን ጨበጥ አደረጓት።

ስድስት መቶኛው እርምጃ ላይ ዞር አለች።

"ከኋላችን መኪና አለ።"

"ይለፍ" አለ አናጢው።

"አያልፍም።"

ሾፌሩ አንገቱን መለስ አድርጎ አየ። "አምቡላንሱ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ቅድም ውሻ ይዞ ሲያልፍ ያየን ሰውዬ ጠርቶብን ነው።"

"አትዩት!" አለ አንደኛው መንትያ። "ዓይን ለዓይን ከተያያችሁ ጠራችሁት ማለት ነው። የዳቦ ጋጋሪውንም ሚስት እጇን ስላወዛወዘች እኮ ነው ያስከፈሏት።"

ፈጠኑ። መኪናውም ፈጠነ። ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ፤ እሱም ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ጩኸት የለውም። ቀዩ መብራት ብቻ ዝም ብሎ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ጉሙ ደም ይመስልና መልሶ ይነጣል። መኪና በማያስገባ ጠባብ መንገድ ታጠፉ። ከመብራቱ በመገላገላቸው ደስ አላቸው። በሌላኛው ጫፍ ሲወጡ ግን መብራቱ እዚያ ቆሞ ይዞራል። አሳለፋቸውና እንደገና ከኋላ ተከተለ። በየመስኮቱ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

"መኪና አውቃለሁ" አለ ሾፌሩ። "ይሄ ባንደኛ ማርሽ ነው የሚሄደው። ባንደኛ ማርሽ የሚከተሉት ቀብር ብቻ ነው።"

"ምላስህ ይቆረጥ!" አለችው የአናጢው ሚስት።

"ልቀይርህ፣ ትከሻህ ዝሏል" አለ ሁለተኛው መንትያ ከኋላ።

"አልቀየርም" አለ አናጢው።

አናጢው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። ያኔ ጎረምሳ የነበሩት እኚህ ሽማግሌ የቃሬዛውን ፊት ይዘው ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ አልቀየሩም። ልጁ በየዳገቱ "ብዙ ቀረ?" ይላል፤ እሳቸውም በየዳገቱ "ደርሰናል" ይላሉ። እናቱ እስክትሞት ድረስ "የሱ ትከሻ አለብህ" እንዳለችው ነበር። ካደገ በኋላ አልጋ ሠራላቸው፤ ተቀበሉና ሳቁ። "አልጋው አልጋ ነው። ትከሻ በትከሻ ነው የሚመለስ" አሉት።

ድልድዩ ላይ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶኛው እርምጃ ላይ፣ ሚስቱ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እጃቸው ለቀቀኝ።"

አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ መኪናውን አየ። በሩ ተከፈተ። ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ወረደች፤ ግን አልቀረበችም። ከቆመችበት ሆና ተናገረች። ቢሮ ስታጸዳ ቋንቋውን የለመደችው ሚስቱ መለሰችላት።

"ምን ትላለች?"

"ካልፈቀዳችሁልኝ ልነካቸው አልችልም ነው የምትለው። ጥያችሁ መሄድም አልችልም አለች።"

"ለዚህ ነው የምትከተለን?"

"ለዚህ ነው።"

"ስንት እንደሆነ ጠይቂያት።"

ጠየቀች። ሴትየዋ ሰዓቷን እያየች ቶሎ ቶሎ መለሰች።

"ደብዳቤ ይመጣል አለች። አቅም የሌለው ከደብዳቤው ጋር የሚመጣውን ሁለተኛ ወረቀት ሞልቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከላከ፣ ገቢው ታይቶ ይቀነስለታል። አንዳንዴም ይሰረዝለታል።"

"ሁለተኛው ወረቀት?"

አናጢው ፊቱ ዐመድ መሰለ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጠረጴዛ ይንገዳገድ ነበር። ደብዳቤው በመጣ ማግስት አራት ቦታ አጥፎ ከእግሩ ሥር የከተተው ያንን ወረቀት ነው። ቁጥር ስላልነበረበት የማይረባ መስሎት በገዛ እጁ።

"ደብዳቤው ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?"

"ሃያ ስድስት" አለች ሚስቱ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "የሳቸውን ግን አንድ ሰው ፈርሞ ኃላፊነት ይውሰድ ትላለች። ዕዳው በፈረመው ስም ነው የሚመጣው።"

መንትዮቹ ጫማቸውን አዩ።

"አትፈርም አልልህም" አለች ሚስቱ። "ግን የቤት ኪራዩ ረቡዕ ነው። ባይቀንሱልንስ?"

ከቃሬዛው ላይ ድምፅ ተሰማ። የሽማግሌው ደኅነኛ ዓይን አናጢውን እየፈለገ ነበር። ምላሳቸው ተሳስሮ፣

"ብዙ... ቀረ?" አሉ።

አናጢው ጉሙን አየ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ይቀራል።

"ደርሰናል፣ ጋሼ" አለ። ቀጥሎም ለሌሎቹ፣ "አውርዱ" አለ።

ሴትየዋ ሮጣ መጣች። ወረቀቱን ተቀብሎ በቃሬዛው ጣውላ ላይ አስደግፎ፣ በቅርብ ባወቀው ፊደል ስሙን አንድ ባንድ ጻፈ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

"ሩጥ። የጠረጴዛውን እግር አንሣና ወረቀቱን አውጣ። እኔ እስክመጣ እንዳይጠፋ።"

ሾፌሩ ሳይቀልድ ሮጠ። ሚስቱ ቋንቋ ታውቃለችና አብራ ልትሄድ መኪናው ውስጥ ገባች። ሽማግሌውን ሲያነሷቸው አናጢው ጎንበስ ብሎ ራሳቸውን ደገፈ። የሚታዘዛቸው እጅ ቀስ ብሎ ወጣና ትከሻው ላይ አረፈ፤ ጣውላው ካሳበጠው ቦታ ላይ። ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

"በቃህ" አሉት።