የጫኔ ባና

ቤታችንን ያፈረስነው እኛው ነን። በ1979 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ካድሬው መጥቶ፣ እያንዳንዱ አባወራ ቤቱን ነቅሎ ሜዳው ላይ በገመድ በተለካው አዲስ መንደር እንዲሰፍር አዘዘ። አባቴ ተክለጻድቅ ያን ቤት ሲሠራ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ ሁለት በጋ ፈጅቶበታል፤ ለማፍረስ ግን ሦስት ቀን በቃው። ዛሬም ሳወራው ያናድደኛል።

አዲሱ ቤት ክዳን እስኪያገኝ ድረስ እኛ በዳስ ስናድር፣ ንብረታችን የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነበር። ዘመን በከፋ ቁጥር የአገራችን ሰው ዕቃውን የሚያስጠጋው እዚያ ነው፤ ሌባም ቢሆን ታቦት ይፈራል። ቁልፉ ያለው በንስሐ አባታችን በአባ ገብረ አማኑኤል እጅ ነበር።

እናቴ አስካለ ማርያም ዕቃ ስታሰናዳ ሌላ ሰው ጣልቃ እንዲገባባት አትወድም። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ ሥራዬ ጭድ ማቀበል ብቻ ነበር። እሷ ማሰሮውን በጭድ ሞልታ ትልቁ ገንቦ አጠገብ ታስጠጋለች፣ መሶቡን በአሮጌ ዝተት ትጠቀልላለች። ሌሊት የምንለብሳቸውን የበግ ጠጉር ባናዎች ወንዝ ወርደን አጠብን፤ ብል እንዳይገባባቸው ፀሐይ ላይ አገላብጠን አደረቅን። ሥራው ግን አይገፋም ነበር፤ እያንዳንዱ ዕቃ ወሬ አለው። ሰፌዱን ስታነሳ የሰፋችበትን ክረምት፣ ቅሉን ስታነሳ የሰጠቻትን አክስቷን አንስታ ታወጋለች። እውነቱን ለመናገር እነዚያን ቀናት እወዳቸዋለሁ። ክዳኑ ሲነሳ ፀሐይ አይታው የማታውቀው ጓዳ ሁሉ ብርሃን ሆነ። የጠፋው የአባቴ ወስፌም ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተገኘ። ለአሥር ዓመት እናቴን ሲወቅሳት የኖረበት ወስፌ ነው። እናቴ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና፣ «በል እንግዲህ ሌላ የምትወቅስበት ፈልግ» አለችው። እንደዚያ ስንስቅ ያየን ሰው ቤት የምንሠራ እንጂ የምናፈርስ አይመስለውም ነበር።

የቀረው የታላቅ ወንድሜ የጫኔ ባና ነው። ጫኔ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከቆመም ዓመት ሊሞላ ነው። ባናውን እናቴ ራሷ ከጥቁር በግ ጠጉር ፈትላለት ነበር።

«ይህ አይሄድም» አለች።

«ዳሱ እኮ ያፈሳል» አለ አባቴ። «በበልግ ዝናብ ሊበሰብስ ነው።»

«ይበስብስ። የሩቅ ሰው ልብስ ለብቻው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ በሩቅ የሞተ እንደሆነ ደግሞ በአስከሬኑ ፋንታ የሚቀርበው ልብሱ ነው። ሌላው ዕቃ ተጭኖ ሄደ፤ ባናው ከእኛ ጋር ዳስ ገባ።

በሳምንቱ ሐሙስ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደና ባናውን ከአንድ ጎኑ አራሰው። አባቴን አላስቻለውም። እናቴ አዲሱ መንደር ጭቃ ልትለጥፍ ስትሄድ ባናውን አጣጥፎ ለአባ ወሰደላቸው።

«አባ፣ ይህ የጫኔ ነው» አላቸው። «አስካለ እንዳትሰማ፣ አደራ።»

አባ እንባቸው መጣ። መስቀላቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። አባቴ ስለ ቤቱ ያዘኑለት መሰለው፤ በዚያ ሰሞን የተገናኘ ሁሉ ስለ ቤቱ ይላቀስ ነበርና። አባ ደግሞ ጫኔ ሞቶ መርዶው ከእናትየው የተደበቀ መሰላቸው። ሁለቱም አልተጠያየቁም። ያዘነን ሰው መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እሑድ ሴቶቹ ሁሉ ካድሬው ባዘዘው ጭቃ ላይ ነበሩ። እናቴ ግን እኔን አስከትላ ተሰርቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው ሲያበቃ አባ ወጥተው፣ «ስለ ገብረ ክርስቶስ ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉ። ገብረ ክርስቶስ የጫኔ የክርስትና ስም ነው። ገብረ ክርስቶስ የሚባል በአገሩ ሞልቷል፤ አባም ማንም አይለይብኝም ብለው ነበር። ስሙን ሲጠሩ ግን ቀና ቢሉ ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ድምፃቸውም ተቆረጠ።

እናቴ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረሰች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ባናው ከእኛ ዕቃ ጋር አልነበረም፤ የሙታን ልብስ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ነበር። ሳትጮህ ነጠላዋን አውርዳ ወገቧን አሰረችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልጄን» ብቻ አለች። ደጋግማ፣ ቀስ ብላ። እኔም አጠገቧ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ ተጠርቶ እየሮጠ ደረሰ። «ኧረ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ብዬ ነው! ማንም ምንም አላለኝም፤ በታቦቱ እምልልሻለሁ» አላት። አባ ይህን ሲሰሙ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ።

እናቴ ተነሣች። ከዚያ ባናውን አውርዳ ተሸከመችና አባን፣ «ነገ ስሙን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም እንዳለችው አደረጉ። ለአባቴ ግን እስከ ፋሲካ ቃል አልተነፈሰችለትም።

በ1982 ዓ.ም. መንደሩ ፈረሰና ወደ ቀድሞው ቦታችን ተመለስን። ዕቃችንንም አንድ ሳይጎድል አመጣን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። ከጫኔ ጋር የዘመተው ገሠሠም ከመካከላቸው ነበር። ጫኔን በገዛ እጁ ቀብሮታል፤ ቀኑን ተናገረ፣ ቦታውን ተናገረ፣ አንገቱ ላይ የነበረውንም ማተብ አምጥቷል።

እናቴ እስኪጨርስ በጨዋ ደንብ ሰማችው። «ይህን ከዚህ ቀደም ነግረውኛል» አለች። «የነገሩኝ ደግሞ አባ ራሳቸው ነበሩ። አልቅሼ አልቅሼ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ደግሞ ማተብ የሌለው ማን አለ? እናንተም ሌሊቱን ስትጓዙ አድራችኋል፤ ግቡ፣ ቁርስ ላቅርብላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። አባቴ ወጣ ብሎ ሲቀር ተከተልኩት። ከገብሱ ማሳ ማዶ፣ ድምፁ ቤት ከማይደርስበት ተቀምጦ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሷል። «ልቅሶዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ» አለኝ። ወንድሜን እዚያው ሁለታችን አለቀስንለት።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ፊታችንን ምንጭ ወርደን ታጥበን ተመለስን። እናቴ፣ «የት ቆያችሁ?» ብላ ቁርሳችንን ሰጠችን።