ከትራሱ ሥር

የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከግቢው በር ላይ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን እስከ አገጯ ስባ ዓይኗን ጨፈነች። ውሸቷ እንዲህ በመኪና፣ ያውም የአናጢ ቤቱን ሰው ሁሉ ጭኖ ይመጣብኛል ብላ አላሰበችም።

ጠዋት ነገሩ ቀላል ነበር። እንደወትሮው ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቴርሞሜትሩን ከምላሷ ሥር አደረገች። ሙቀቷ ገና አልጨመረም። ባሏ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ግን መታጠቢያ ቤት ስትገባ ያ ጥሬ የእንቁላል ነጭ የመሰለ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ፈሳሽ ታያት። የክሊኒኳ ነርስ በሩን ዘግታ በሹክሹክታ እንዳስረዳቻት፣ ፈሳሹ እንዲህ ሲሆን የመፀነሻው ቀን ደርሷል፤ ሙቀቱ ከጨመረ ግን ቀኑ አልፏል። ወሩን ሙሉ የጠበቀችው ቀን ነው። ባሏ ደግሞ ረፋዱ ላይ በሮች ሊገጥም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ ሳምንት አይመለስም።

ደወለች። «ከመሄድህ በፊት እስቲ ብቅ በል» ልትለው ብቻ ነበር። እሱ መጋዙ ላይ ስለነበር ስልኩን አለቃው አነሳና «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አላት። ምን ትበል? የእንቁላል ጉዳይ ነው አይባል! «አሞኛል» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ። «በጣም?» አላት። «በጣም» አለችው። በቃ፣ ጉዷን በገዛ አፏ ጠራችው።

ባሏ ቀድሞ ገባ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም፤ ፀጉሩና ቅንድቡ የእንጨት ብናኝ ለብሷል። «ምንሽን ነው? ምን ሆንሽብኝ?» አላት። ከኋላው አለቃው፣ ከአለቃው ኋላ ብርቱካን በፌስታል ያንጠለጠሉ ባልደረቦቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ቀጭኔ» የሚሉት ያ ቀልደኛ እንኳ ዛሬ ቀልድ ጠፍቶበት ራሱን ይነቀንቃል። በመኪናው ሐኪም ቤት እናድርሳት ተባለ። በሮቹስ ተባለ። በሮቹ ይውረዱ ተባለ! ከልባቸው ነው። እሷን ግን ደግነታቸው ከትኩሳት ብሶ አቃጠላት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«መጀመሪያ ትኩሳቷን እንይ» አለ አለቃው።

እስከዚያ ድረስ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አሁን ወደ አልጋው መጡ። መሳቢያ አልከፈቱ፣ ቁም ሣጥን አልፈተሹ፤ እጃቸውን በቀጥታ ከትራሱ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ሰደዱና ቴርሞሜትሩን አወጡ።

የልብስ ሰፊዋ ፊት ደም መሰለ። ያውቃሉ ማለት ነው! አልጋ ሲያነጥፉ ነው ያገኙት? ከመቼ ጀምሮ? እሷ እኮ ይህን ነገር በዚህ ቤት የሚያውቅ ነፍስ የለም ብላ ነው የኖረችው። ያ ሁሉ ጥንቃቄዋ፣ ባሏ ስትጠጋው በናፍቆት የመጣች እንዲመስለው፣ ቴርሞሜትር አይታ መምጣቷን እንዳያውቅባት ነበር።

አማቷ መሣሪያውን አፏ ውስጥ አቆይተው አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ትኩሳት አላት» አሉ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሱ። «የሚያስፈልጋት ዕረፍት ነው። እናንተ መንገዳችሁን ቀጥሉ፣ እግዜር ያክብራችሁ። ልጄ ይቆያል፤ ነገ በአውቶቡስ ይደርስባችኋል።»

ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» እያለ ወጣ፤ እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ አረፈባት። አማቷም ሻርፓቸውን አነሱ። «እኔም ጎረቤት ቆየት ማለቴ ነው» አሉ ማንንም ሳያዩ።

የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ባሏ ቴርሞሜትሩን አንስቶ አየው። ትኩሳት የሚባል ነገር የለም። እሱ ግን አልጮኸም። መሣሪያውን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ደጋግሞ አራገፈው፤ ልክ እሷ ጠዋት ጠዋት ወደ ግድግዳው ዞራ እንደምታደርገው። ከዚያም ከትራሱ ሥር፣ እዚያው ቦታው መለሰው።

«አንተም?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

«ስታራግፊው አልጋው ይነቃነቃል እኮ። የተኛሁ መስዬ ዝም እልልሻለሁ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ ግን የምትሞቺብኝ ነው የመሰለኝ። መንገዱን ሙሉ ፈጣሪን ስለምን ነው የመጣሁት።»

«ይቅር በለኝ።»

«እንዲያው ልጠይቅሽ። ቀኑ ባይሆን ኖሮ፣ አትሂድብኝ ትይኝ ነበር?»

አዎ ብላ መገላገል ትችል ነበር፤ ዛሬ እንደሁ ውሸት ለምዳለች። «እንጃ» አለች። «ከቀኑ ውጭ እንዴት እንደምፈልግህ ረስቼዋለሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።»

የግቢው በር ሲዘጋ ተሰማ። ቀጥሎም ቁልፍ ዞረ፤ እናቱ ከውጭ ቆልፈውባቸው መሄዳቸው ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ከባሏ ጉሮሮ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣ።

እሷ አንሶላውን ፊቷ ላይ ልትስበው እጇን አነሳችና ተወችው። በዚያው እጇ የቅንድቡን ብናኝ ታራግፍለት ጀመር። እሱ ጫማውን አላወለቀም፤ ፊቱንም አላሸሸም።