የደሜ ጥለት

መቼም አስካለማርያም ባለሙያ ሰው ነፍሷ ነው። የቀራንዮ ሸማኔዎች ማኅበር ሥራ ተቆጣጣሪ ሆና ስትገባ እንደ ሽማግሌው ሸማኔ እንደ ደሜ ያለ እጅ አላየችም ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሽማግሌው ሁለት ወር ሙሉ ሥራ እንቢ አለው። ሌላው በሳምንት ሦስት ነጠላ ሲጨርስ እሱ አንዷን እንኳ በመከራ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ መሸሻ ቁርጡን ነገራት። "እስከ ቅዳሜ ካልተሻሻለ በስብሰባው ላይ ስሙ በአሻጥር ይመዘገባል።" በዚያ በአብዮቱ ዘመን ስሙ በአሻጥር የተመዘገበ ሰው የት እንደሚያድር ማን ያውቃል! አስካለ እንቅልፍ አጣች።

ርቦት ይሆናል ብላ ምሳ አመጣችለት። በላ፣ መረቀ፣ ከዚያ መወርወሪያውን እንደያዘ አንቀላፋ። መሸሻ ደግሞ የምስጉን ሠራተኛ ወረቀት እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ደሜ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ፤ ሥራው ግን ያው ነው። ረቡዕ ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባባ ደሜ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ጎደለብዎ?"

ደሜ ከተቆለለው ነጠላ ሁለቱን መዞ ፊቷ ዘረጋ። የሁለቱም ጥለት ማኅበሩ ያዘዘው ሰማያዊ ነው።

"የትኛው ነው የኔ? እኔም አላውቀው ልጄ። ዱሮ ጥለቴን ያየ ሁሉ 'ይህማ የደሜ እጅ ነው' ይል ነበር። አሁን ብሠራስ፣ ባልሠራስ?"

አቤት፣ እንዴት አፈረች! ይህን ሁሉ ጊዜ የሰውየውን ሆድ ስታይ ልቡን ረስታዋለች።

"እንግዲያው በራስዎ ጥለት ይሥሩ፤ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ" አለችው።

ደሜ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ቀድሟት ይገባል፣ ማታ ይበቃል ካልተባለ አይነሣም። ቅዳሜ ሦስት ነጠላ አስረከበ፤ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የተጠላለፈበት፣ ዓይን የማይጠግበው። ሰው የሚወደውን ሲሠራ እንዲህ ነው።

በስብሰባው ላይ መሸሻ አንዱን ዘርግቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይህን ማን ፈቀደ?"

"እኔ ነኝ፣ ጓድ። ጥፋት ከሆነ የኔ ስም ይጻፍ" አለች አስካለ።

መሸሻ ጥለቱን በጣቱ ዳሰሰ። ሦስት ነጠላ በሦስት ቀን፤ በማኅበሩ ታይቶ አይታወቅም። ስም ሊመዘግብበት የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና "የበላይ አካል 'ይህን ማን ሠራው?' ቢለኝ ምን ልበል?" አላት።

"ሸማኔው ደሜ ነው የሠራው ይበሉ።"

ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙ ሲጠራ ሰምቶ፣ በጋቢው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።