ጠሪ የሌለው ደቦ

የኮሮናው ሎክዳውን ከመታወጁ በፊት፣ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በስደት በሚኖሩበት በኦሬንጅ ፋርም ካለው ሱቃቸው ጀርባ ያለው ጓሮ አሥራ ሁለት ሜትር በስምንት ነበር። በአንዱ ጥግ የውሃ ቧንቧ፣ በግድግዳው ሥር ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች፣ መሐል ላይ አንድ ረጅም መደብ። መደቡ ላይ ጎመን ተዘርቷል። ዘሩ የኤርጎጌ ነው፤ ከሆሳዕና በሰው እጅ የመጣ፣ ግንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ የእናቷ ጓሮ ጎመን። እናቷ ያን ጓሮ ለቀው አዲስ አበባ ታላቅ እህቷ ዘንድ ገብተዋል፤ ቦታው ላይ አሁን ሕንጻ ቆሟል። ከዚያ ጎመን የቀረው መደቡ ላይ የተዘራውና በአንዲት የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ሥራው በስምምነት ነበር። ኤርጎጌ፣ ባሏ በላይነህ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ብዙነህና የሱቁ ሸሪክ ሽጉጤ አንድ ላይ ጸለዩና መደቡ የሁላችንም ነው ተባባሉ። ውሃ የሚያጠጣው ሁሉም፣ አረም የሚነቅለው ሁሉም፣ ሲደርስ የሚበላውም ሁሉም።

በፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ ላይ ኤርጎጌ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ዞራ አየችው። አረሙ ጉልበት ይደርሳል። ከሥሩ በሕይወት ያለ አንድም የጎመን ግንድ አላገኘችም። ሦስቱም ወንዶች ለየብቻ ሲጠየቁ የመለሱት አንድ ነው፦ ሌላው ያጠጣ መስሎኝ። እሷም የመሰላት እንደዚያው ነበር። ቆርቆሮውን ከፍታ በመዳፏ ላይ ስታፈሰው፣ የቀረው ለአንድ ጊዜ ዘር ብቻ የሚበቃ ሆነ። ይሄ ከጠፋ ሌላ ዘር የሚልክላት ሰው የለም፤ ጓሮውም የለም።

ኤርጎጌ በርቀት ታሪክ ትማራለች። ፈተናው ቢራዘምም ምንባቡ አልቀረላትም። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሽጉጤ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ በሱቁ መስኮት ፍርግርግ በኩል ባዶውን መንገድ ሲያይ ቆየና ወደ እሷ ዞረ።

"ቲቸር፣ ኳስ የለም፣ ዜናው የበሽታ ብቻ ነው። እስቲ ያንን የምታነቢውን ንገሪን።"

"ስለ እንግሊዞች ነው ጋሼ። አሜሪካ መጀመሪያ ሲሰፍሩ። ጄምስታውን የሚባል ቦታ።"

"እና እንዴት ሆኑ?"

"ተራቡ።"

ብዙነህ ዱቄት የሚደረድርበት ቦታ ሆኖ ሳቀ።

"የላካቸው የለንደን ኩባንያ ነው" አለች ኤርጎጌ። "መሬቱ የኩባንያው ነው። ሁሉም ለኩባንያው ይሠራል፤ የተመረተው አንድ ጎተራ ይገባል፤ ከጎተራው ለእያንዳንዱ ይሰፈርለታል። ለሠራውም ላልሠራውም።"

"ደግ ሰዎች ናቸው" አለ ሽጉጤ።

"ጎተራው ባዶ ሆነና ብዙዎቹ አለቁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ገዥ ለየሰዉ ቁራሽ መሬት ሰጠ፤ ጥቂቱን ለጎተራው ያስገባል፣ የቀረው የራሱ ነው። ያኔ፣ በጋራ ሠላሳ ሰው ያልሠራውን ሦስት አራት ሰው ይሠራው ጀመር ብሎ የጻፈ አለ።"

በላይነህ በጀርባው በር በኩል ወደ ጓሮው አየ። ሌሎቹም አዩ።

"ስድቡ ገብቶኛል" አለ ሽጉጤ። "ግን እነሱ ደቦ አያውቁም። እኛ በጋራ ሠርተን ነው ያደግነው።"

"ደቦ ወጥተህ ታውቃለህ ጋሼ?"

"ስንቴ!"

"የማን ማሳ ላይ?"

"የጠራን ሰው ማሳ ላይ ነዋ።"

"ማን አበላህ?"

"የጠራን ሰ..." ሽጉጤ ማስኩን ወደ አፉ መለሰው።

"ደቦ ጠሪ አለው። ማሳው የሱ ነው፤ ቢበላሽም የሚያፍረው እሱ ነው። የእኛን ደቦ ማን ጠራው?"

"እኛ እግዚአብሔርን ጠርተን ለራሳችን ተኛን" አለ ብዙነህ።

ኤርጎጌ ያሰበችውን ነገረቻቸው። መደቡ ለአራት ይከፈል፤ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻና የራሱ ዘር ይኑረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በተራ፣ ባለተራው ይጥራ፣ ሌሎቹ ይቆፍሩለት፣ ባለተራው ያብላ። በላይነህ ግን ለብቻዋ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዘሩን ለምን ትበትኚዋለሽ? ሁሉንም አንቺ ዝሪው። ሽጉጤን ታውቂው የለ፣ የራሱን ሸሚዝ እንኳ ከገመድ ላይ የሚያነሳው ዝናብ ሲመታው ነው።"

"በአንድ እጅ ካለ አንድ ስሕተት ይጨርሰዋል" አለች። ሌሊቱን ግን ቆርቆሮውን ከትራሷ አጠገብ ነበር ያደረገችው።

በማግሥቱ ቀጣዩን ገጽ አንብባ መጣች። እንግሊዞቹ ቆርሰው የተካፈሉት መሬት ባለቤቶች ነበሩት፤ ማንም አልጠየቃቸውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰፋሪዎቹን ከሞት ያተረፋቸውም የእነዚያው ሰዎች በቆሎ ነው።

"እኛ የተከራየነው ሱቁን ነው" አለች። "ጓሮውን ማን ፈቀደልን?"

ጓሮው ከፊት ባለው ቤት የሚኖሩት የአሮጊቷ የጎጎ ኖምሳ ነው፤ ጎጎ በአገሬው ቋንቋ አያት ማለት ነው። አራቱም ማስካቸውን አስተካክለው ደጃቸው ቆሙ። "ሳዉቦና ጎጎ" አለ ሽጉጤ፣ ለሰላምታ ሁሌም እሱ ነው የሚቀድመው።

"ዬቦ። ጓሮዬን ልትቆራርሱት ነው አሉ።" ግድግዳው ስስ ነው፤ ሽጉጤ ነገሩን በአገሬው ቋንቋ ለደንበኛ ሲያወራ ሰምተዋል። በትራቸውን ይዘው ወጡና መደቡን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአረሙን ጫፍ በጣታቸው ቀጠፉ። "ይሄን ማን ነው አረም ያለው?"

ሽጉጤ ወደ ብዙነህ፣ ብዙነህ ወደ ሽጉጤ ጠቆመ።

"ምቡያ ነው። ቅጠሉ ይበላል። ምሳችሁን ተራምዳችሁ እያለፋችሁ ነው ጎመን የምትሉት?" እስኪያስላቸው ሳቁ። ኤርጎጌም ሳቀች፤ ጎጎ ለምን እንደምትስቅ ሲጠይቋት ስለ እንግሊዞቹና ስለ በቆሎው ነገረቻቸው። አሮጊቷ አዳመጡና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ጓሮው ይከፈል፣ ግን ለአምስት፤ ለቧንቧው የሚቀርበው የእሳቸው ነው፤ ከዘሩም ድርሻ ይሰጣቸው።

ኤርጎጌ ዘሩን በሻይ ማንኪያ ለአምስት አካፈለችው። ቆርቆሮው ባዶ ቀረ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጠሪ ጎጎ ነበሩ። ደቦ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ተነግሯቸው ከሁሉም በላይ ገባቸው፤ ሽጉጤ ሊያርፍ ቀና ባለ ቁጥር በትሩ ወደ እሱ ይዞራል። ሲጨርሱ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በምቡያ ቀረበ። አምስቱም በለስላሳ ሣጥኖች ላይ ተራርቀው ተቀምጠው በሉ፣ ሽጉጤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

የእሱ ነገር ግን ሁሉንም አስገረመ። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ጎመኑን ያያል። ውርጭ ሲመጣ በባዶ የዱቄት ከረጢት ይሸፍነዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይገልጠዋል። አንድ ቀን ከብዙነህ መደብ የመጣ ቀንድ አውጣ ይዞ ደጁ ላይ ቆመ።

"ከብትህን ሰብስብ" አለው።

"ለእናትህስ እንዲህ በየጠዋቱ ደውለህላቸው ታውቃለህ?" አለ በላይነህ ከመስኮቱ።

"እናቴ ውርጭ አትፈራም።"

ክረምቱ ወጣ። ከየመደቡ ቅጠል ተቆርጦ ተበላ፤ ለጎረቤትም ተረፈ። በየመደቡ ያማሩትን ግንዶች ግን ኤርጎጌ ክር እያሰረች እንዳይነኩ አደረገች፤ እነሱም አበቡ፣ ዘር ያዙ፣ ደረቁ። የብዙነህን መደብ ግማሽ የበረዶ ዝናብ መታው፤ ሌሎቹ ደህና ነበሩ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ዘሩ ተፈልፍሎ በሱቁ ሚዛን ላይ ወጣ። ከአምስቱ መደቦች የተገኘው አምስት መቶ ሰማንያ ግራም ነበር፤ ከዚያ ውስጥ መቶ ሰባው ከሽጉጤ መደብ፣ መቶ ዘጠናው ከጎጎ ኖምሳ መደብ ነው።