ኖራ ሳይደርቅ

ሠዓሊውን «ቅምሻ» ያለችው ታላቅ እህቱ ናት። ገና በልጅነቱ ከየሰው ሳህን አንዳንድ ጉርሻ አንሥቶ የአንዱንም ሳይጨርስ የሚነሣ ልጅ ሌላ ስም አይገባውም ብላ ነበር። አርባ ዓመት ሲሞላውም ስሙ አልጠበበውም። ወይኑን ከግማሽ፣ መጽሐፉን ከመግቢያው፣ ጸጸቱን ከመጀመሪያዋ እንባ አሳልፎ አያውቅም። ከሥራም የመረጠው ተጋድሞ የሚሠራውን ነው፤ የጣሪያ ሥዕል።

በከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ሥር፣ ከእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከእህቱ አልጋ የተነሡ ሁለት ትራሶችን ደርድሮ ስምንት ወር በጀርባው ተኛ። ከዚያ ሁሉ መተኛት መጽሐፍ ገልጣ የያዘች ግዙፍ ሴት ተወለደች። ቀሚሷ ከነእጥፋቱ፣ ጣቶቿ ከነጥፍራቸው አልቀዋል። የቀረው ፊቷ ብቻ ነው፤ የቀረበትም ምክንያት አለ። ፊቱን ለሁለት ሴቶች ቃል ገብቶበታል።

አንደኛዋ ለሳኟ ናት። ሙያውን ከአባቷ ወርሳዋለች። በየማለዳው ለአንድ ቀን የሚበቃ እርጥብ ኖራ ጣሪያው ላይ ትለስናለች፤ እርሱ ይቀባበታል። ኖራ ቀለም የሚጠጣው እርጥብ ሳለ ነውና፣ ከደረቀ በኋላ የተቀባበት እንደ ዱቄት ይራገፋል። በጊዜው የተቀባው ግን ከጣሪያው ጋር ድንጋይ ሆኖ ቀቢውንም የቀቢውን የልጅ ልጆችም ይቀብራል።

ሁለተኛዋ ከባሕር ማዶ የመጣች የሥዕል ትርኢት አዘጋጅ ናት። ቅምሻ በአገሯ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ እስካሁንም የሚያልመው በቋንቋዋ ነው። እርሷም በበኩሏ እዚህ ብዙ ከመኖሯ የተነሣ ገበያ ውስጥ ስትከራከር ሻጮቹ የአገር ልጅ የሰሙ መስሏቸው ዘወር ብለው ያዩአታል።

ሁለት ባህል ያለው ሰው ሁለት ሕሊና አለው ብለው የሚጽፉ ሊቃውንት አሉ። ቅምሻን አያውቁትም። ባህሎቹን የያዘው እንደ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ በመጣበት በኩል ይዘረጋቸዋል። ለሳኟ «አባቴ ፊት ቆመህ ሐሳብህን ተናገር» ስትለው፣ ትከሻውን ሰብቆ «እኔ ያደግሁት ፍቅር ማኅተም በማያስፈልገው አገር ነው» ይላል። የባሕር ማዶዋ «አብረን እንሂድ» ስትለው ደግሞ ድምፁ ይሰበራል፤ «ወገን አለኝ፤ አጥንት አለኝ፤ እህቴን ጥዬ?» ይላል። እህቱ ይህን የሰማች ዕለት «እኔን? እባክህ ጣለኝ!» አለች።

የሕይወቱ መመሪያ አንድ ተረት ነበር፦ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።

የመጨረሻው ማለዳ ደረሰ። ለሳኟ የፊቱን ቦታ ለስና የመለሰኛ ብረቷን ጠረገችና እዚያው ርብራቡ ላይ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ይኸው፤ የአንድ ቀን ነው። አሥር ሰዓት ላይ ይደርቃል።»

«ትንሽ ውሃ ቢጨመርበትስ የኔ ዓለም?»

«ኖራ እንደኔ ሞኝ አይደለም፤ ነገ ሲሉት አይጠብቅም። ስማኝ፤ ዛሬ የማንን ፊት እንደምትሥል አያለሁ። የኔን ከሆነ ማታ አባቴ ቤት አብረን እንገባለን። ካልሆነ ብረቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛ አታየኝም።»

«ጥበብን እኮ አያስገድዷትም።»

«ጥበብን ማን ነካት? አንተን ነው ያልኩት።»

ወርዳ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ላይ የሻንጣ ጎማ አዳራሹን እያንጓጓ ገባ። የባሕር ማዶዋ ነበረች።

«ቅምሻ! አውሮፕላኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፊቴን ካየሁት ይዤህ እሄዳለሁ፤ ቲኬትህ እዚሁ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ካላየሁት ደግሞ ሻንጣዬ ይበቃኛል።»

ቅምሻ በጣሪያና በሁለት ሴቶች መካከል ተጋድሞ ቀረ። በጀርባው ለተኛ ሰው ወደ ታች ማየት አይቻልም፤ እርሱ ግን ሥዕሉን ገልብጦ የሚመረምርባት የጺም መላጫ መስተዋት ነበረችው። ምስማር ላይ ሰቅሎ አዘነበላትና ሰለለ። ለሳኟ ሁለተኛ ባልዲ ደፍታ ለእንግዳዋ ስታቀርብላት አየ። ከዚህ የከፋ ነገር አይቶ አያውቅም።

«አንቺም ቃል ተገብቶልሻል?» አለች ለሳኟ።

«መጀመሪያ የሥዕሉን ዓይን ብቻ ነበር። ኋላ ሙሉ ፊቱን ሰጠኝ።»

«ለኔ ከነአንገቱ ነው።»

«እህቴ፣ አንገቱስ የኔ ነው፤ ስድስት ቀን ሙሉ አንጋጥጬለታለሁ!»

«ውይ! ለዚህ ነው እንዴ የረዘመው?»

ሳቅ ተሰማ። ቅምሻ ብሩሹን አነሣ፤ መልሶም አስቀመጠ።

«ሲጨንቀው ነጻነቴ እያለ ይሰብክብኛል» ቀጠለች ለሳኟ።

«ነጻነቴ? ለኔ እኮ ባህሌ ነው የሚለው!»

«የሚለው ከምሳ በኋላ ነው?»

«ልክ ከምሳ በኋላ! ደግሞ እጄን ይዞ።»

«ግራ እጅሽን።»

«ግራዬን!»

አሁንስ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የተናደዱ ሴቶችን ማባበል ይችልበታል፤ የሥራ ልምዱም ነው። የሚስቁትን ግን በየትኛው ባህል እንደሚመልሳቸው አላወቀም። ሆዱም ጮኸ፤ ምሳው ከታች ነው፣ ከሴቶቹ ማዶ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ኖራውን በጣቱ ነካው። ዳር ዳሩ መንጣት ጀምሯል። ያን ጊዜ ነበር ሲፈራ ብቻ የሚጎበኘው ብልሃት የመጣለት፤ ዓይኑን ከአንደኛዋ፣ ከንፈሩን ከሁለተኛዋ ቢወስድ እያንዳንዷ ራሷን አታገኝም? ማንንም እንዳያጣላ ሆኖ የተሣለ ፊት! አንዱን ባላ ሳይነቅል ሌላውን ማጽናት! በደስታ እግሩን ወረወረ፤ ርብራቡ ተነቃነቀ፤ መስተዋቷም በምስማሯ ላይ ጥቂት ዞረች።

በሕይወቱ እንደዚያች ሁለት ሰዓት ሠርቶ አያውቅም። እየቀባ በመስተዋቷ ያያል፤ እያየ ይቀባል። ሴቶቹ ከመስተዋቷ ከወጡ ቆይተዋል። በውስጧ የቀረው ማን እንደሆነ ግን፣ አንድ ጊዜ ለጥላው ሌላ ጊዜ ለጉንጩ ሲቸኩል፣ አላስተዋለም። እጁ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ሄደ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ብሩሹን ጣለና ጮኸ፦ «ሳንቃውን አንሡት! እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታያላችሁ!»

የአዳራሹ ሠራተኞች መካከለኛዎቹን የርብራብ ሳንቃዎች ሳቡ። ቅምሻ በመሰላሉ ወርዶ በሁለቱ መካከል ቆመ፤ አንድ ክንዱን ወደ ቀኝ አንዱንም ወደ ግራ አዘጋጅቶ። ሦስቱም አንጋጠጡ።

ከቅርብ ሲታይ ዓይን ዓይን ብቻ ነው፤ አፍንጫም አፍንጫ ብቻ። ከታች ሲያዩት ግን ተሰብስቦ ፊት ይሆናል። ጣሪያው ላይ ቀሚስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ገልጦ፣ ቅምሻ ተቀምጧል። ከምሳ በኋላ የሚከብዱት ሽፋሽፍቶቹ፣ ቀምሶ ሊነሣ ያለው ከንፈሩ፣ ከግራ ጆሮው ሥር ያለችው ኪንታሮቱ ሳትቀር አለች፤ በመስተዋት እንደምትታየው ወደ ቀኝ ዞራ።

የመጀመሪያዋን ሳቅ የባሕር ማዶዋ ልትይዛት ሞክራ አልቻለችም። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሻንጣዋን አነሣች።

«በመጨረሻ መረጥህ» አለችው፣ አንዴ እርሱን አንዴ ጣሪያውን እያየች። «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለሁለታችሁም።» የሻንጣው ጎማ እስከ በሩ ድረስ አንጓጓ። በሩ ላይ አንድ ጊዜ ቆማ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር አልታወቀም።

አንዱ ባላ እንደተሰበረ ቅምሻ ወደ ሌላው ዞረ። እንግዲህ ተረቱ ለዚህ ቀን ነው።

«የኔ ዓለም፣ ድካም ነው። ነገ ማለዳ ይህን ጠርበሽ ታወርጂዋለሽ፤ አዲስ ትለስኛለሽ፤ እኔም የአንቺን ብቻ...»

ለሳኟ ብረቷን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። «የለሰንኩትን አልጠርብም። አባቴ ኖራሽ ሦስት መቶ ዓመት ይኖራል ብሎኛል። የዛሬው ደግሞ እስከ ዛሬ ከለሰንኩት ሁሉ ያማረ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ እብጠት የለው።»

«እኔስ?»

«አንተማ እዚያ ነህ» አለችው በአገጯ ወደ ላይ እያሳየች። ባልዲዋን አንሥታ ወጣች፤ አንገቷን ወደ ሥዕሉ አላሰገገችም፣ ዞራም አላየችም።

በምረቃው ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከወረቀት አነበቡ፤ ይህ ፊት የሁለት ባህሎች ጋብቻ ነው አሉ። ተጨበጨበ። ቅምሻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ በዚህኛው ጋብቻ ሙሽራውም ሙሽሪትም እርሱ ነውና። ርብራቡ ከማለዳ ጀምሮ ተፈትቶ፣ ባላዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በትከሻ ወጥተው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጋደም የሚባልበት ነገር አልቀረም።

እህቱ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«አባታችንን ነው ወይስ አንተን?» አለችው።

«ምሳሌያዊ ነው እትዬ።»

«እሺ። ብቻ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ስትጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁህ።» ከዚያ ከግድግዳው ሥር ኖራ ለብሰው የተጣሉትን ሁለት ትራሶች አንሥታ፣ አንዱን በአንዱ አራገፈችና በብብቷ ይዛቸው ወደ ቤቷ ሄደች።