አበልጁ በር ላይ የምትጠፋው መኪና

የምጽፈው ሁሉ ጥርት ያለ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ጥርሶቼ ይርገፉ፤ የቀሩት ማለቴ ነው።

ፕሪሌፕ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ትምባሆ ገበሬዎች መንደር ውስጥ፣ ሶቲር የሚባል ተጠራጣሪ ነበር። አውራ ዶሮ ቀደም ብሎ ቢጮህ «ማን ልኮት ነው?» የሚል ዓይነት። ያን ሰሞን ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ አማቱ እማማ ዳፊናም አራሷን ልትጠብቅ ከከተማ መጥታለች። ክርስትናው እሑድ ነው። እዚያ አገር ለልጅ ስም የሚያወጣው የክርስትና አባት ነው፤ ወላጅ ስሙን የሚሰማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እንደ እንግዳ ቆሞ ነው። የሕፃኗ ክርስትና አባት ደግሞ ጎረቤቱ ቫንጌል ነበር።

በዚያው ሳምንት የሶቲር አሮጌ መኪና አመል አወጣች። ቁልፍ ሲያዞር ትነሳለች፣ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ልክ ቫንጌል በር ላይ ስትደርስ ትንፍስ ብላ ትጠፋለች። ካንዴላ አጸዳ፣ ካርቡራተር ፈታ። ያው ናት። ቫንጌል አጥሩን ተደግፎ፣

«ዛሬም ልትጠይቀኝ መጣህ አበልጄ?» ይለዋል።

ሶቲር በሆዱ፣ «መኪናዋን ሽጥልኝ ብሎኝ እንቢ ስላልኩት፣ አበላሽቶ በርካሽ ሊያስሸጠኝ ነው» አለ። እንዲህ ያለው ሰው ለልጄ ስም ሊያወጣ? በነጋታው ሌላ ክርስትና አባት ሊፈልግ ወሰነ፤ እዚያ አገር ይህ ከነዘር ማንዘር መቆራረጥ ነው።

ሶቲር ይህን ሳይናገር ቫንጌል መፍቻውን ይዞ ከች አለ።

«የምታስነሳት በቤንዚን ነው?»

«በቤንዚን።»

«ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ጋዝ ታዞራታለህ?»

«ታዲያ! ርካሹ ጋዝ እያለ፣ ቤንዚን ከጓሮዬ ይፈልቃል?»

ቫንጌል የጋዙን ቱቦ ሞተሩ ጋ ላላ አድርጎ ጆሮውን ጣለ። ፉጨት የለም። «ካርቡራተሯ ውስጥ የተረፈችው ቤንዚን እስከ እኔ በር ታደርስሃለች፤ ከዚያ ወዲያ የምትጠጣው የላትም። ኋላ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ተዘግቷል።»

ሶቲር የዕቃ መጫኛውን ክዳን ከፈተ። የሲሊንደሩ መዝጊያ ክርችም ብሏል። የሚያስጠላ ፈገግታ ፈገግ አለ።

«ክዳኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ እኔ ኩሽና ተሰቅሎ፣ አንተ ሳታይ በምን አወቅህ?»

«ሲሊንደሩን የገጠምኩልህ እኔ አይደለሁ?»

«የገጠመው እጅ መዝጋትም አያቅተውም።»

«ሌባ በለኝና ይውጣልህ።»

«ሌባስ ለጥቅሙ ነው። አንተ ምቀኛ ነህ። እሑድ አትምጣ።»

ግቢው ውስጥ በርበሬ የምትጠብሰው እማማ ዳፊና ማንኪያዋን እንደያዘች መጣች።

«ሕፃኗን ቀሰቀሳችኋት እኮ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ እማማ?»

«መኪናችን በጋዝ ነው የምትሄደው አላላችሁኝም? ጋዝ ከፍቶ የሚተኛ ጤነኛ ሰው አለ? ቤቴም ወጥ ሳወርድ ነው የምዘጋው።»

«ምድጃ እኮ አይደለም።»

«ጋዝ አይደለም? አርፈህ ተኛ፣ በየቀኑ እነካካዋለሁ፤ ጠብቆ ነው ያለው።»

ቫንጌል መፍቻውን ኪሱ ከቶ ሄደ። ቅዳሜ ሶቲር አንድ ጠርሙስ ራኪያ፣ የአገሩን አረቄ፣ ታቅፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቫንጌል በር ላይ ቆመ።

«ነገ ና አበልጄ።»

«አትምጣ ብለኸኝ የለ?»

«ክፉ አፍ ነው የተናገረው።»

«እመጣለሁ» አለ ቫንጌል ጠርሙሱን እየተቀበለ። «ስሙን ግን በደንብ አስቤበታለሁ።»

ሶቲር ያን ሲሰማ እንደገና መጠርጠር ጀመረ፤ በዕድሜው አንዴ ብቻ ልክ የሆነውም ያኔ ነው። እሑድ ቄሱ ስሟን ሲጠይቁ ቫንጌል ሶቲርን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣

«ዳፊና» አለ።

አማቲቱ በደስታ አለቀሰች፤ ስመ ሞክሼዬን ጥዬማ ከተማ አልመለስም፣ እዚሁ አሳድጋታለሁ አለች። ቄሱም ሳቅ ሲያፍኑ ጢማቸው ጠበል ውስጥ ገባ።

የጢሙን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት። ቄሱ እህ እህ ብለው ሳሉ እንጂ ጢማቸው አልረጠበም።