ወይዘሮ ታቡኪ ስልኩን እስኪዘጉ

በእኛ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት ስልክ መሸጥ አይደለም፤ ስልክ አለመዝጋት ነው። ስልኩን የሚዘጋው ደንበኛው ነው። ሻጭ የተባለ ሁሉ ስንብቱ ካለቀ በኋላ ከወዲያ በኩል «ቀጭ» የምትለውን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ እጀታውን ከጆሮው አያነሳም። ደንበኛ ንጉሥ ነው የሚሉ አገሮች አሉ ይባላል። እዚህ በከተማችን በሂኮኔ ግን ንጉሥም ቢሆን ሻጭ ሆኖ ቀድሞ ስልክ ከዘጋ ባለጌ ነው።

ድርጅታችን ኮሃኩ ለመሥሪያ ቤቶች ስልክ ይሸጣል፣ ይተክላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን፣ በየጠረጴዛው የሚቀመጠው ስልክ፣ በመካከል ያለው የገመድ ጣጣ ሁሉ የእኛ ነው። ገመዱን የምዘረጋዋ ሴት እኔ ሴጋዋ ነኝ። ሃሙሮ ሳን ደግሞ የሽያጭ ክፍሉ አለቃ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ የሚከበር ሰው ስሙ ላይ «ሳን» ይጨመርለታል። በስልክ ሲያወሩ ያጎነብሳሉ፤ ደንበኛው ትልቅ በሆነ ቁጥር ግንባራቸው ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። አንድ ቀን «አለቃ፣ ስልኩ እኮ አያይም» ብላቸው «ጎንበስ ያለ ሰው በድምፁ ያስታውቃል» አሉኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ አንድ ደንበኛ አነጋገርኩ፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ ሌላ አነጋገርኩ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ላይ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ እውነታቸውን ነው።

በከተማችን ታቡኪያ የሚባል፣ አትክልት በበርሜል በጨው ቀብሮ የሚሸጥ የቆየ ቤት አለ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ታቡኪ፣ አያታቸው የገዙትን ስልክ እስከ ዘንድሮ ሲጠቀሙ ኖረው በመጨረሻ አዲሱን የእኛን ስልክ ገዙ። ጨው ቤቱ ውስጥ ሳይቀር ተከልኩላቸው፤ ለሳምንት ልብሴ የጨው አትክልት ሲሸት ሰነበተ። ሥራው ባለቀ ማግስት ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን ኩኒቶሞ ሳን ለዓመቱ መጨረሻ ስጦታ እንዲሆን ለደንበኞቻችን ሁሉ የሚታደል አትክልት ከታቡኪያ አዘዙ። ጥሩ አሰብኩ ብለው ነበር። ማንም ልብ ያላለው፣ ከዚያች ትዕዛዝ በኋላ እኛ የታቡኪያ ደንበኛ፣ ታቡኪያም የእኛ ደንበኛ መሆናችንን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሃሙሮ ሳን ስለ ስልኩ ግዢ ለማመስገን ደወሉ። ወይዘሮ ታቡኪ ደግሞ ስለ አትክልቱ ትዕዛዝ አመሰገኑ። ኧረ የምናመሰግነው እኛ ነን አሉ ሃሙሮ ሳን፤ የለም እኛ ነን አሉ እሳቸው። የስንብቱ ቃል በሁለቱም በኩል በወጉ ተባለ። ከዚያ ሃሙሮ ሳን ደንበኛቸው እስኪዘጉ ዝም ብለው ጠበቁ። ወይዘሮ ታቡኪም ደንበኛቸው እስኪዘጉ ዝም ብለው ጠበቁ።

በር ላይ ተገናኝተው «ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሰዎችን ሁላችንም አይተናል። እነሱ ግን ብርዱ ሲበረታባቸው አንዱ ይገባል። ስልክ ላይ ብርድ የለም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሃሙሮ ሳን አሁንም እንዳጎነበሱ ነበሩ። የሩዝ ድብልብል እየቆረስኩ አጎረስኳቸው፤ ማኘካቸው እንዳይሰማ ሩዙን ሳያኝኩ ዋጡት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ቀን ግን ሲነቅዝ በዓይኔ አየሁ።

በወረቀት ላይ «እርስዎ ይዝጉ በሏቸው» ብዬ ጽፌ አሳየኋቸው። ደነገጡ። ለካ ነገሩ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ አምጥቶ ሂድ እንደማለት ነው። ታዲያ እርስዎ ይዝጉት ብዬ ብጽፍላቸው ጭራሽ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሌላ ሰው እንዳያየው ነው።

ከሰዓት በኋላ ኩኒቶሞ ሳን ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው በሃሙሮ ሳን ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሹክሹክታ ሆነ። እኔ በባሕርዬ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል፤ ሳጥኑ ላይ አንዲት ገመድ ብነቅል ነገሩ ያበቃል አልኩ።

ሃሙሮ ሳን እጀታውን በመዳፋቸው ከደኑ። «የማይቋረጥ ስልክ ብዬ ነው የሸጥኩላቸው» አሉ በቀጭን ድምፅ። «መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለው፣ ባትሪ ቢያልቅ ሌላ መስመር ይቀበለዋል ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ገና ከመተከሉ ይቋረጥ?»

ኩኒቶሞ ሳን፣ ስልኩ ከተቋረጠ ስልኩ ውሸታም ነው፣ ስልኩ ውሸታም ከሆነ እኛም ውሸታሞች ነን ብለው ፈረዱ። ሌላ ሰው ተቀብሎ ይያዝላቸው የሚል ሐሳብም መጣ። ወይዘሮ ታቡኪ እስካሁን የሃሙሮ ሳንን አተነፋፈስ ለምደዋል፣ ቢለወጥ ቅር ይላቸዋል ተባለና ቀረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሊዘጋ የማይችል ስልክ ሸጠን፣ ሊዘጋ የማይችል ስልክ ይዘን ተቀመጥን።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ ቅዳሜ የቺናትሱ ሠርግ ባይሆን ኖሮ።

ቺናትሱ የሃሙሮ ሳን አንዲት ልጃቸው ናት። እኛ ከድምፅዋ ጋር ነው ያደግነው። በልጅነቷ አባቷን ፈልጋ ቢሮ ትደውል ነበር፤ ያነሳ ሰው ሁሉ ለማንም የምንለውን ያንኑ ይላታል። ሰው በስልክ ሲፈለግና መቅረብ ሳይችል ሲቀር አንድ ቃል አለን፦ «ለጊዜው ከመቀመጫቸው ተነስተዋል።» ስብሰባ ላይ ቢሆን፣ ሽንት ቤት ቢሆን፣ ተኝቶ ቢሆን፣ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ሌላ ስልክ ቢይዝ፣ ከመቀመጫው ተነስቷል። እናቷ ሆስፒታል የገባችበት ቀንም ደውላ ይህንኑ ሰማች። ሃሙሮ ሳን በዚያች ሰዓት መቀመጫቸው ላይ ነበሩ፤ ደንበኛ እስኪዘጋ እየጠበቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሚስታቸው አልፋ ነበር።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ቺናትሱ የጥሪ ካርዳችንን ልታድል ቢሮ መጥታ ነበር። ስትወጣ አባቷን በር ድረስ ወሰደቻቸውና እኔ እየሰማሁ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ቅዳሜ ወንበርህ ላይ ካላየሁህ ሁለተኛ ወንበር አላዘጋጅልህም።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሃሙሮ ሳን እንደ ደንበኛ አጎነበሱላት፤ ሌላ የሚያደርጉትን አያውቁም።

ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ጥሪውን ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ አዛወርኩላቸው። ይህም ከምንሸጣቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ቢሮው ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። የሠራሁትን ሥራ እንዲህ ስረግመው የመጀመሪያዬ ነው። ሃሙሮ ሳን ስልኩን ይዘው ቤታቸው ሄዱ፣ ስልኩን ይዘው ተላጩ፣ አንድ ጆሮ ብቻ ታጠቡ። ከወዲያ በኩል አትክልቱን የሚጫነው ድንጋይ በጨው ቤቱ በርሜል ላይ ሲቀመጥ ይሰማል። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ታቡኪ አነጠሱ። ሃሙሮ ሳን ጤናዎን ይጠብቁ አሉ፣ እሳቸውም አመሰገኑ፣ ምስጋናው ምስጋና ወልዶ ስንብቱ እንደገና ከመጀመሪያው ተባለ። አሁንስ ይዘጋሉ ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አልዘጉም።

ሠርጉ ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል ነበር። እኔ በባህል ልብሴ፣ በኪሞኖዬ ሰፊ እጅጌ ውስጥ ትርፍ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ሃሙሮ ሳን ልጃቸውን በቀኝ ክንዳቸው ይዘው፣ በግራ እጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ገቡ። ቺናትሱ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻቸውና ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት ብቻ እያየች ተራመደች። መናገር የሚፈልግ ጉንጭ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ጉንጯ እንደዚያ ነበር።

የእኛ ቢሮ ሰዎች ነገሩን ስለሚያውቁ፣ ሃሙሮ ሳን ባለፉ ቁጥር ለስልኩ አጎነበሱ። የሙሽራው አባት፣ ጀልባ የሚጠግኑ ቀጥተኛ ሰው፣ ማነው እዚያ ያለው ብለው ጠየቁኝ። ደንበኛ ናቸው አልኳቸው። ቆብ እንዳደረገ ሰው እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱና፣ ቆብ ሲያጡ እሳቸውም አጎነበሱ። ፎቶ አንሺው ከነስልኩ ነው ወይስ ያለ ስልኩ ሲል፣ ከነስልኩ ተባለ። ኩኒቶሞ ሳን ብርጭቆ ሊያነሱ ቆመው ንግግራቸውን ሲጀምሩ፣ ከሙሽሮቹ በፊት «በመካከላችን ላሉት ለወይዘሮ ታቡኪ» ምስጋና አቀረቡ። ሃሙሮ ሳን ንግግሩ እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች፤ አዳራሹ ሁሉ አጎነበሰ። እኔም አጎነበስኩ። በራሴ አፈርኩ፣ ግን አጎነበስኩ።

በመጨረሻ ሙሽሪት ለወላጅ አበባ የምትሰጥበት ሰዓት ደረሰ። ቺናትሱ የእናቷን ድርሻ ጨምራ ትልቅ እቅፍ አበባ ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። ሃሙሮ ሳን በተዘጋጀላቸው ወንበር ላይ ነበሩ። አበባ የሚቀበሉት በሁለት እጅ ነው። በአንድ እጅ የሚቀበል ሰው አልፈልግም እንዳለ ይቆጠራል፤ ይህን ደግሞ ለአዲስ ሠራተኞች የሚያስተምሩት ራሳቸው ናቸው።

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ግራውን ለማውረድ ሞከሩና አልወርድ አላቸው። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ሊያጣብቁት ሲሉ ተንሸራተተና መልሰው ያዙት። ኪስ ይክተቱት እንዳልል፣ ደንበኛ ኪስ አይከተትም። አበባውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ላብ በግንባራቸው ወረደ። እኔ እንደዚያች ቀን ያዘንኩላቸውም የተናደድኩባቸውም ጊዜ የለም።

ቺናትሱ አበባውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በሁለት እጇ፣ በወጉ፣ ስልኩን ከአባቷ ጆሮ ላይ ወስዳ በራሷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ቀጥ ብላ ቆመች፤ አላጎነበሰችም። ስትናገር ድምፁ የእኛ ነበር። የዚያ ሁሉ ዘመን የቢሮአችን ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ አንዲት ሳታጎድል።

«ስለ ዘወትር ቸርነትዎ እናመሰግናለን። ይቅርታ፣ ሃሙሮ ለጊዜው ከመቀመጫቸው ተነስተዋል። ሲመለሱ እንዲደውሉ እነግራቸዋለሁ።»

ሃሙሮ ሳን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው ያዩዋታል። እሷ ስልኩን ዘጋችው።

በሕጋችን ውስጥ ያልነበረች ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች፤ አልሸጠችም፣ አልገዛችም። ኩኒቶሞ ሳን ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሃሙሮ ሳን ባዶ የሆነውን ግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ጣቶቹ ገና ስልክ እንደያዙ ተጣጥፈው ነበር። አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ከዚያ አበባውን በሁለት እጃቸው አንስተው ፊታቸውን ቀበሩበትና ጮክ ብለው አለቀሱ። ቺናትሱ አጠገባቸው ተንበርክካ «መጣህ?» አለቻቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሰኞ ቢሮው እንደ ለቅሶ ቤት ነበር። ኩኒቶሞ ሳን ለይቅርታ ወደ ታቡኪያ ለመሄድ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የትኛውን ጣፋጭ ይዤ ልሂድ እያሉ ከወዲያ ወዲህ ይላሉ። እኩለ ቀን ገደማ ስልክ ጮኸና እኔ አነሳሁ። ወይዘሮ ታቡኪ ናቸው።

«ሃሙሮ ሳን ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ?» አሉኝ።

ወንበሩን አየሁት። ባዶ ነው። ሃሙሮ ሳን በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በምሳ ሰዓት ወጥተው ነበር፤ ልጃቸው ቤት ሩዝ ሊበሉ።

«የለም» አልኩ። «ለጊዜው ከመቀመጫቸው ተነስተዋል።» ያን ቃል ስንት ዓመት ስለው ኖሬ፣ እውነት ሆኖ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ወይዘሮ ታቡኪ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ይህን ትንፋሽ እኔም ለምጄው ነበር።

«እሰይ» አሉ። «አይቸኩሉ በይልኝ። ያቺን ልጅ ደግሞ እግዜር ይስጥሽ በይልኝ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ጨው ቤት ቁጭ ብዬ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎኛል።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው ይጠብቃሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ኩኒቶሞ ሳን ጣፋጩን እንደታቀፉ ከበሩ ላይ ያዩኛል።

ዘጋሁት።